ኬቭላር ከተጻፈለት በታች ሲበጠስ

ኬቭላር ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ብርቱ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከክሩ ጋር የመጣው ወረቀት የሚበጠሰው 340 ኒውተን ላይ ነው ይላል። የእኛ መፈተሻ ማሽን ስቦ 250 ላይ ይበጥሰዋል። ድሬ ላይ ክር ስፈትሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክሩን ነበር፤ ስንቱን ጥቅል «ውድቅ» ብዬ መልሻለሁ። ዛሬ መጀመሪያ የማየው የተበጠሰበትን ቦታ ነው።

ሁለቱን ጫፎች አንሱና እዩ። የተበጠሰው ክሩን ነክሶ የሚይዘው የማሽኑ መንጋጋ አፍ ላይ ነው? እንግዲያው የለካችሁት የክሩን ጥንካሬ ሳይሆን የመንጋጋውን ንክሻ ነው። ኬቭላር በቁመቱ ሲሳብ ብርቱ ነው፤ ከጎን ሲጫኑት ግን ይጎዳል። ለጥጥ የተሠራ ጥርሳም መንጋጋ ይበላዋል። መፍትሄው ክሩ መጀመሪያ ለስላሳ ክብ ብረት ላይ ተጠምጥሞ ከዚያ የሚያዝበት መንጋጋ ነው። ጭነቱን ጥምጥሙ ስለሚሸከመው መያዣው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ዳይኒማ በሚባለው ሌላ ብርቱ ግን ሙልጭልጭ ሰው ሠራሽ ክር ላይ ደግሞ ችግሩ መንሸራተት ነው። ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ክሩም ሳይበጠስ ሾልኮ ይወጣል። መንጋጋው አፍ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ምልክቱ ከቦታው ከራቀ ተንሸራቷል ማለት ነው። ዝም ብሎ ማጥበቅ አያዋጣም፤ ጥምጥሙን ጨምሩ።

ውጤቱ ከናሙና ናሙና ከተለያየስ? አንዱ ክር ውስጥ ብዙ መቶ ቀጫጭን ክሮች አሉ። የተወጠረው ቀድሞ ይበጠሳል፣ የላላው ገና ጭነት አልያዘም። ትንሽ አክርሩት፤ ለ1680 ዴሲቴክስ ኬቭላር (10,000 ሜትሩ 1680 ግራም ለሚመዝን) በሜትር 80 ዙር ገደማ ይበቃል። ሲበዛ ግን ራሱ ያደክመዋል።

ኬቭላር የሚበጠሰው 3 ወይም 4 በመቶ ገደማ ተስቦ ነው። ማሽኑ 7 ካላችሁ መንሸራተቱንም አብሮ ቆጥሯል። ክሩ ላይ የሚገጠም የመሳብ መለኪያ ተጠቀሙ።

ሙቀቱን አትርሱ። የተለመደው የፍተሻ ክፍል 20 ዲግሪና 65 በመቶ እርጥበት ነው፤ የግንቦት ድሬ ይህን አያውቅም። ዳይኒማ በሙቀት ይላላል፣ ስለዚህ ኤሲው ሳይሠራ አትፈትሹት። ኬቭላርን የሚጎዳው ፀሐይ ነው። አንድ ጊዜ መስኮት ሥር የቆየ ጥቅል ሦስቴ ፈትሼ ሦስቴም ወደቀብኝ። ላዩ ወደ ቡናማ አድልቷል። የላይኛውን ድርብ ገፍፌ ጣልኩት። ከሥሩ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ፈተናውንም አለፈ።