የሞተር መብራቷ አልጠፋ ያለች ቪትዝ፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና የአየር ፊልትሮውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጠዋት በብርድ ስትነሳ ነጭ ጭስ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ እንፋሎት ነው፤ አትንኩት። ጭሱ ሳይጠፋ ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነውና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይታይ። ጥቁር ጭስ ሲመጣ ብዙ ሰው በጎንደር ከፍታ ያሳብባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ያለው ሞተር አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ጥፋቱን ከሴንሰሩ ወይም ቤንዚን ከሚረጨው ኢንጀክተር ፈልጉ።

አሁን በየጊዜው ወደሚመጣው ችግር እንግባ። መኪናዋ ደህና ትሄዳለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራቷ ግን በርቷል፤ የኮምፒውተር መመርመሪያው ፒ 0420 (P0420) የሚል የስህተት ኮድ ያወጣል። ይህን ያየ ሁሉ ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል። ቆዩ! ኮዱ የሚለው ካታላይዘሩ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ፣ ጭሱን እያጣራ አይደለም ነው። ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ካታላይዘሩ ጤነኛ ከሆነ የኋለኛው 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ይረጋል፤ የፊተኛውን ተከትሎ ከተወዛወዘ ግን ችግር አለ።

መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ አየር የሚያሾልክ ቦታ ፈልጉ። ከአዘዞ የመጣች አንዲት ቪትዝ ሴንሰሯ ደጋግሞ ተቀይሮ መብራቱ ይመለስ ነበር። ከሥር ስትታይ በጭስ ማውጫው ማጋጠሚያ ላይ ጥላሸት በቀጭኑ ተዘርግቷል፤ ጋርኒሲዮኑ ተበልቶ ነበር። እሱ ተቀይሮ ብሎኖቹ ሲጠብቁ መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስታችሁ ማጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ከነፋ አገኛችሁት።

ቀጥሎ የካታላይዘሩን ቆርቆሮ እዩ። ሆዱ ላይ የብየዳ መስመር ካለ ጠርጥሩ። «ዘግቷል» ብለው የማር እንጀራ የሚመስለውን ሴራሚክ አውጥተው ባዶውን የሚበይዱ ጋራዦች አሉ። እዚያ ውስጥ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ዋጋውን ባለመኪናው አያውቅም፣ እነሱ ግን ያውቃሉ። ዩሮ 4 በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ የቤንዚን መኪና በኪሎ ሜትር ከ1 ግራም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳያወጣ የተቀመጠው ገደብ የሚሟላው ይህ ዕቃ በቦታው ሲኖር ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይገድላል። ከኋለኛው ሴንሰር ሥር ማራቂያ አስገብቶ መብራቱን ማጥፋት ደግሞ ማታለል ነው፤ ጭሱ ያው ነው።

ካታላይዘሩ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ማን ገደለው? አብዛኛውን ጊዜ የማይተኩስ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ወይም ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢና ደክሞ ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቁሙ! በዚያ ሁኔታ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገት የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ የቀለጠው ሴራሚክ ጭስ ማውጫውን ዘግቶ መኪናዋ በእግረኛ ፍጥነት ቀረች። አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ ርካሹ ካንዴላ የካታላይዘር ዋጋ ያስከፍላችኋል።

የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ካታላይዘር ፈላጊው በዝቷል። ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ፤ ቀዳዳዎቹ ካልተሰበሩና ካልቀለጡ፣ ሲነቀነቅም ካላንኳኳ ውሰዱት። ካንዴላውና ቦቢናው ሳይስተካከሉ ግን አትግጠሙት። ኮዱን ካጠፋችሁ በኋላ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ጥቂት ቀን ይነዳ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈትሾ የሚያረጋግጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ኮዱን ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ ጥቂት ቀን በፊት አጥፉት እንጂ በዕለቱ ጠዋት አታጥፉት።