ሐምሌን አትክሰሱ፣ ዘሩ የሞተው ጎተራ ውስጥ ነው

አቃቂ በኩል፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለችን መሬት ከተማው ስለሚገፋት በየዓመቱ ትጠባለች። አባቴ ስንዴና ሽምብራ ይዘራባታል። ካቻምና ስንዴው ግማሽ በግማሽ ሳይበቅል ሲቀር አባቴ ዝናቡን አማረረ፣ እኔ ርግቦቹን። አፈሩን ጫር ጫር ስናደርግ ግን ፍሬው እንደተበተነ እዚያው በስብሷል። ከራሳችን ጎተራ የወጣ ዘር ነበር። የተበላሸው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ያወቅነው ሐምሌ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ስንጠያየቅ የሁላችንም ጥፋት ተመሳሳይ ሆኖ አገኘሁት።

በጥርስ ተማምኖ ማስገባት

ውቂያ ሲያልቅ ሰው ደክሟል። ፍሬውን በጥርስ ነክሶ «ቀጭ» ካለ ደርቋል ይባልና ወደ ቤት ይገባል። ለዘር የሚሆን ስንዴ እርጥበቱ ከ12 እስከ 13 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥርስ ይህን አይለይም። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ጨው አለ። ክዳን ባለው ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ፍሬውን እስከ ሲሶው ሙሉ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቁና አሥር ደቂቃ ተዉት። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈም አትቸኩሉ፤ ለምግብ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለዘር ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል። እርጥበቱ በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንዲሁ። ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ግን ዘሩን መቁላት ነው። ሸራ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ይሻላል።

በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጦ ግድግዳ ማስደገፍ

ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን መጥራታችን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ችግሩ ሳይራገፍ የቀረ ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ ለበቃዩም አይስማማም። ጆንያው መሬት ሲነካ ደግሞ ከታች ያለው ዘር ቀድሞ ይሞታል። በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሦስት ድርብ ያለውን የፒክስ ከረጢት የሚገዙም ይሳሳታሉ። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየር ስለማያስገቡ ነቀዙ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል። በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት ግን ነቀዙን ማስተንፈስ ነው። ከረጢቱ አያደርቅም፤ እርጥቡን ከትቶ ማሰር ዘሩን ማፈን ነው። ጤፍን ነቀዝ ስለማይነካው ጤፍ ዘሪ ይዘናጋል፤ ሽምብራው ላይ ሲደርስ ይከፍላል።

ክኒኑን መኝታ ቤት ውስጥ መጠቀም

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝ ብቻ አይመርጥም፣ ማርከሻም የለውም። በአንድ ክፍል ኑሮ ጆንያው አልጋ ሥር ወይም ልጆች የሚተኙበት ጥግ ይቀመጣል። «አይሸትም፣ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም፤ ሳይሸትም ሊገድል ይችላል። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ጭራሽ አትጠቀሙበት። ጋዙ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚከላከል ነገር አይቀርም፤ ነቀዝ ተመልሶ ይገባል። እኔ ክኒኑን ትቼ በፒክስ ከረጢቱ ነው የረጋሁት።

ሳይፈትኑ መዝራት

ግንቦት ላይ አንድ መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየረጫችሁ በሳምንቱ ቁጠሩ። ከጆንያው አፍ ብቻ አትውሰዱ፤ ከታችም ከመሐልም ይሁን። 90 በበቀለበት ዘመን በሄክታር 150 ኪሎ ትዘሩ ከነበረ፣ 75 ሲሆን 180 ኪሎ ያስፈልጋል። ከ70 ከወረደ አስፈጩትና ሌላ ዘር ፈልጉ። እኛ ካቻምና ይህን ብናደርግ ኖሮ ርግቦቹን ባላማሁ።

እንክርዳዱና ሲናሩስ? ኮምባይነሩ ከሰው ማሳ ይዞት ይመጣል። በወንፊትና በሰፌድ ካልወጣ ሐምሌ ላይ እጅ ያርመዋል።

መድኃኒት ያድነዋል ብሎ ማሰብ

ዘርን በመድኃኒት ማሸት የስንዴውን ዛላ ጥቁር ዱቄት የሚያደርገውን የፈንገስ በሽታ፣ አረማሞን፣ ይከላከላል፣ የሞተ ዘር አያስነሣም። አንዱ የአረማሞ ዓይነት ዘሩ ቆዳ ላይ፣ ሌላው ፅንሱ ውስጥ ያድራል። የውስጡን የሚያጠፋው ወደ ተክሉ የሚሰርገው መድኃኒት ብቻ ስለሆነ ስትገዙ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሽምብራን በሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም በጠቃሚ ባክቴሪያ፣ የሚያሽ ሰው ደግሞ ከፀረ ፈንገስ ጋር አይደባልቀው፤ ባክቴሪያው ይሞታል። ጥላ ሥር አሽቶ በዚያው ዕለት መዝራት ነው።

መዘፍዘፍን ከሩዝ መቅዳት

ፎገራ ላይ ሩዝ የሚዘሩ ዘመዶች ዘሩን ቀድመው እንደሚዘፈዝፉ የሰማ ጎረቤታችን ስንዴውን በሐምሌ ጭቃ ላይ ሞከረው። መረሬው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ራሱ ውኃ ይዞ ሳለ ምን ይጠቅማል? መዘፍዘፉ የሚረዳው በተረፈ እርጥበት ለሚዘራው ሽምብራ ነው፤ እሱም ወደ 8 ሰዓት ያህል ብቻ፣ ከዚያ ላዩን አናፍሶ በዕለቱ መሬት ማስገባት። የተዘፈዘፈ ዘር ወደ ጆንያ አይመለስም።

የተረፈ የታሸ ዘር

አጥበው ለዶሮ የሚሰጡ፣ ቆልተው የሚበሉም አሉ። በ1964 ዓ.ም. ኢራቅ ውስጥ በሜርኩሪ የታሸ የስንዴ ዘር ዳቦ ሆኖ ተበልቶ 459 ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። ማስጠንቀቂያው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ስለነበር ገበሬዎቹ አላነበቡትም። እኛ ቤት የተረፈችው አራት ኪሎ ቆጥ ላይ ተሰቅላለች። አባቴ «መርዝ» ብሎ ጽፎባታል፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ቀይ ጨርቅ አስሮባታል።