ፊደል የሚያበላሽ ኮድ እንዴት ይጠገናል?

ሰው ፎርሙ ላይ «ሰላም» ብሎ ይጽፋል፤ ገጹ ላይ «???» ሆኖ ይወጣል። ወይም በጭረትና በምልክት የተሞላ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይመጣል። ብዙዎቻችን ያኔ የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ኮዱ ውስጥ እንገባና ስክሪኑ ላይ ትክክለኛው ጽሑፍ እስኪታይ ድረስ እዚህም እዚያም «ኢንኮድ» እና «ዲኮድ» እየለጠፍን እንሞክራለን። አንዳንዴ ይሳካል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ይፈነዳል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከሌላ ሰው የተረከብኩት ኮድ ውስጥ አንድ ስትሪንግ (ፕሮግራም ውስጥ ያለ ጽሑፍ) ከፎርም ተነስቶ ዳታቤዝ እስኪገባ አራት ጊዜ ይቀየር ነበር። ሁለቱ ቅየራዎች የሌሎቹን ሁለት ጥፋት የሚያርሙ ነበሩ፤ አንዷን «ምን ትሠራለች ደግሞ ይህች» ብዬ ሳጠፋት ሁሉም ነገር ተናደ። ስለዚህ ኮድ ከመንካታችሁ በፊት መጀመሪያ ባይቶቹን እዩ። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ይበቃኛል፤ ግን ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጣጣ ስላለ ቀጥሉ።

ባይት እና ጽሑፍ

ፋይል ውስጥ የሚቀመጠውና በኔትወርክ የሚሄደው ጽሑፍ ሳይሆን ባይት ነው፤ ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች። ኢንኮዲንግ የምንለው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረውን ስምምነት ነው። በእሱ ጽሑፍን ወደ ባይት መቀየር ኢንኮድ፣ ባይትን ወደ ጽሑፍ መመለስ ዲኮድ ይባላል። ለእንግሊዝኛ የተሠራው የድሮው ስምምነት፣ አስኪ፣ 128 ምልክቶች ብቻ ነበሩት። ላቲን-1 እና ዊንዶውስ-1252 ያንን ወደ 256 ቦታ አሰፉት፤ ለአውሮፓ ቋንቋዎች በቃ፣ ለሌላው ግን አይበቃም። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው የገባው። ዩቲኤፍ-8 ደግሞ እነዚያን ቁጥሮች ወደ ባይት የሚቀይር መንገድ ነው። በ1992 ኬን ቶምፕሰን እና ሮብ ፓይክ ነድፈውት ይኸው እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን።

«ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ዘጠኝ ባይት ነው፦

225 136 176
225 136 139
225 136 157

ሦስቱም ፊደላት በ225 እንደሚጀምሩ ልብ በሉ። የምንጠቀምባቸው የአማርኛ ፊደላት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ ሦስት ባይት፣ መጀመሪያው 225። በላቲን-1 እና በዊንዶውስ-1252 ደግሞ 225 ማለት አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። ስለዚህ ስክሪናችሁ ላይ ይህቺ ፊደል እየደጋገመች ከመጣች ጽሑፉ አልጠፋም። አማርኛው እዚያው አለ፤ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ተነብቦ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እወቁ

የተበላሸውን ጽሑፍ ከዳታቤዙ ወይም ከፋይሉ በባይት መልክ አውጡት። በማንኛውም የባይት ማሳያ ፕሮግራም ይሆናል፤ በፓይተን ከሆነ ፋይሉን በባይነሪ ሁኔታ ከፍታችሁ ወደ ቁጥር ዝርዝር መቀየር ነው። ስክሪኑን አትመኑ። ስክሪን የራሱ ፎንት፣ የራሱ ተርሚናል፣ የራሱ ግምት አለው፤ እኔ ጤነኛ ዳታ ይዤ ተርሚናሉ እያታለለኝ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ።

ባይቶቹ በ225 የሚጀምሩ ሦስት ሦስት ሆነው ከተሰለፉ ዳታው ደህና ነው፤ ችግሩ የሚያነበው ወይም የሚያሳየው ጋ ነው። ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየም ብዙውን ጊዜ ፎንት ነው የጎደለው፤ ኮዱን አትንኩ።

225 መሆን በነበረበት ቦታ 195 እና 161 ካያችሁ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል። አንዱ ኮድ የዩቲኤፍ-8 ባይቶችን በላቲን-1 አንብቦ፣ የተገኘውን ዝብርቅርቅ መልሶ በዩቲኤፍ-8 ጽፎታል ማለት ነው። ይህ ይጠገናል።

63 ከሆነ ግን አለቀ። 63 የጥያቄ ምልክት ነው። የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ኮድ ፊደሉን ወደማይችለው ኢንኮዲንግ ለመቀየር ሞክሮ፣ ሲያቅተው «?» ተክቶ አልፏል። ዋናው ፊደል የለም፤ ከባክአፕ ካልሆነ ከየትም አይመጣም። 239 191 189ም እንደዚሁ ነው፤ ጥቁሯ ዳይመንድ ውስጥ ያለችው የጥያቄ ምልክት ናት፣ ዲኮድ ሲደረግ ያልተፈታውን ባይት ተክታ የገባች።

ሁለት ጊዜ ኢንኮድ የተደረገውን ለመጠገን መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ባይቶቹን በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ አድርጉ፣ የወጣውን ጽሑፍ በተሳሳተው ሰንጠረዥ ኢንኮድ አድርጉ፣ ያንን እንደገና በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ አድርጉ። በወሬ ቀላል ነው። አማርኛ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ-1252 ላይ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። «ም» በ157 ነው የምትጨርሰው። የ«ፈ»፣ የ«ፐ» እና የ«ፀ» ቤተሰቦች፣ «።»ም ጭምር፣ መሃላቸው ላይ 141 አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን ባይቶች ወደማይታይ ምልክት ቀይረው ያሳልፏቸዋል፣ አንዳንዶቹ ኤረር ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ዝም ብለው ይጥሏቸዋል። ስለዚህ አሥር መስመር ላይ ሞክራችሁ ስለሠራ ብቻ ሙሉውን ቴብል አትቀይሩ። «ም» እና «ፈ» ያሉባቸውን ቃላት ፈልጋችሁ እነሱ ላይ ሞክሩት። ባክአፕም ያዙ፤ ይህንን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር፣ ግን ሳይይዙ የሚጀምሩ አሉ።

በሮቹን ፈልጉ

ጽሑፍ ወደ ፕሮግራማችሁ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሁሉ በር ነው። ፋይል፣ ዳታቤዝ፣ ኤችቲቲፒ፣ ተርሚናል፣ የሌላ ፕሮግራም ውጤት። ሲገባ ዲኮድ፣ ሲወጣ ኢንኮድ፣ መሃል ላይ ምንም። መሃል ላይ ኢንኮድ ወይም ዲኮድ የሚል መስመር ካገኛችሁ ወይ ትርፍ ነው፣ ወይ የሌላ በር ስህተት እየሸፈነ ነው። የኔዎቹ አራት ቅየራዎች ሁለቱንም ነበሩ።

ኮድ ቤዙ ውስጥ የምትፈልጉት ኢንኮዲንግ ያልተጻፈባቸውን ጥሪዎች ነው። በፓይተን ፋይል የሚከፍተውን «ኦፕን» ኢንኮዲንጉን ካልነገራችሁት፣ እስከ 3.14 ባሉት ስሪቶች ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቅንብር ይወስዳል፤ ሊኑክስ ላይ ጸዳ ብሎ ይሠራና የባልደረባችሁ ዊንዶውስ ላይ ይሰበራል። ደግነቱ ከ3.10 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሁሉ የሚያስጠነቅቅ አማራጭ አለ፤ እሱን አብርታችሁ ቴስቶቹን አስኪዱ፣ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። ጃቫ ላይ ስትሪንግን ወደ ባይት የምትቀይረውን «ጌትባይትስ»ን ባዶ ቅንፍ ይዛ ካያችኋት ጠርጥሩ። ጃቫ ዩቲኤፍ-8ን ዲፎልት ያደረገው በ18ኛው ስሪት፣ በ2022 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለ ሰርቨር ላይ ውጤቱ እንደ ማሽኑ ነው።

ሁሉም በር ላይ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ዲፎልቱ ያው ቢሆንም ጻፉት።

ኤረር ሲመጣ «ኢግኖር» (ያልተፈታውን ዝለለው) ወይም «ሪፕሌስ» (በሌላ ምልክት ተካው) የምትል አማራጭ ታጓጓለች። ተዉዋት። እነዚያ 63ቶች የመጡት ከእሷ ቢጤ ነው። በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ ሲደረግ የሚጮህ ኤረር ወዳጃችሁ ነው፤ የዩቲኤፍ-8 ባይቶች አደራደር ጥብቅ ሕግ ስላለው በሌላ ኢንኮዲንግ የተጻፈ ጽሑፍ በአጋጣሚ ሕጉን አሟልቶ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ላቲን-1 ግን ማንኛውንም ባይት ይቀበላል፣ በጭራሽ አይጮኽም። «በላቲን-1 ሳነበው ኤረሩ ጠፋ» የሚል ሰው ችግሩን አልፈታም፤ አፉን ነው ያፈነው።

የኤክሴል ጉዳይም አለ። ሲኤስቪ ፋይል በዩቲኤፍ-8 ጽፋችሁ ኤክሴል ሲከፍተው ከተበላሸ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239 187 191 የሚባሉትን ሦስት ባይቶች ጨምሩለት፤ ኤክሴል ከነሱ ያውቀዋል። ያንኑ ፋይል መልሳችሁ ስታነቡ ግን የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ የማይታይ ምልክት ይለጠፍና «ዓምዱ የለም» ትባላላችሁ፤ ዓምዱ ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሎ። ፓይተን ላይ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብላችሁ ካነበባችሁ ምልክቷ ብትኖርም ባትኖርም ይሠራል።

ዳታቤዙ

ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ «ዩቲኤፍ8» ያለው ስም ሸውዷችሁ ሊሆን ይችላል። ያ ስም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እስከ ሦስት ባይት ብቻ ለሚይዝ ነገር ነው። አማርኛ ሦስት ባይት ስለሆነ በደንብ ይገባል፤ ስለዚህ ማንም ሳያስተውል ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ተጠቃሚ ኢሞጂ ይልካል። ኢሞጂ አብዛኛው አራት ባይት ነው። ጥብቅ ሁኔታ ከበራ ኤረር ይመጣል፤ ካልበራ ጽሑፉ ከኢሞጂዋ ጀምሮ ተቆርጦ ይቀመጣል። መፍትሄው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ነው፤ ስሪት 8.0 ላይ ዲፎልት የሆነው እሱ ነው። ቴብሉን ብቻ ሳይሆን የኮኔክሽኑንም ኢንኮዲንግ ቀይሩ፤ ቴብሉ ትክክል ሆኖ ኮኔክሽኑ ላቲን-1 ከሆነ ያው ሁለት ጊዜ ኢንኮድ መደረግ ነው።

«ላቲን-1» የተባለ ዓምድ ውስጥ በእውነቱ የዩቲኤፍ-8 ባይት ካለ ደግሞ ዓምዱን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አትቀይሩት። ዳታቤዙ ስሙን አምኖ እያንዳንዱን ባይት እንደገና ኢንኮድ ያደርገዋል። መጀመሪያ ወደ ባይነሪ ዓይነት ቀይሩት፣ ከዚያ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4። ባይነሪ ሲሆን ዳታቤዙ ባይቶቹን አይነካም።

ስትሪንግ መቁረጥ፣ መቁጠር፣ ማወዳደር

በሮቹ ከተስተካከሉ በኋላ የሚተርፉት ስህተቶች እዚህ ናቸው። «ሰላም» ስንት ነው? ፓይተን እና ጃቫስክሪፕት 3 ይላሉ፣ ጎ እና ረስት ላይ ርዝመቱን ስትጠይቁ 9 ይሏችኋል፤ ባይት ነው የሚቆጥሩት። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ለአንዲት ኢሞጂ 2 ይላል። ስለዚህ «ከ100 አይበልጥም» የሚል ሕግ ኮዳችሁ ውስጥ ካለ መቶ ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ከፊት ያለው ፎርም በፊደል ቆጥሮ ያሳለፈውን ከኋላ ያለው በባይት ቆጥሮ ሊመልሰው ይችላል።

በባይት መቁረጥም እንዲሁ ነው። ፋይል በ4096 ባይት እየቆራረጣችሁ ካነበባችሁ፣ 4096 ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ አንዷ ፊደል መሃል ላይ ትሰነጠቃለች። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ዲኮድ ካደረጋችሁ ኤረር ወይም ዳይመንድ ታገኛላችሁ። ቁራጭ በቁራጭ የሚፈታ ዲኮደር አብዛኛው ቋንቋ አለው፣ የተረፈውን ባይት ለሚቀጥለው ያቆያል። እሱን ተጠቀሙ።

ማወዳደር ላይ፣ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ስትሪንጎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ጭረት ያላት የላቲን ፊደል እንደ አንድ ቁጥርም፣ እንደ ፊደልና ጭረት ተነጣጥላም ልትጻፍ ትችላለች፤ ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለው ይህንን ይፈታል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን ግን አያዋህድም። ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» አንድ ላይ እንዲፈለጉ ከፈለጋችሁ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ሠርታችሁ እዚያ አዋህዷቸው። ሰው የጻፈውን ዋናውን አትቀይሩበት፤ ስሙን በ«ሠ» የሚጽፍ ሰው በ«ሰ» መጠራት ላይወድ ይችላል።

«።» ላይ ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ኮድ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ሰው በእሷ ፋንታ «፡»ን ሁለት ጊዜ እንደሚመታ አትርሱ። ለዓይን ያው ነው፣ ለኮዱ ሌላ ምልክት ነው። ቁጥርም አለ፦ ፓይተን ላይ «፩»ን በ«ኢዝዲጂት» ብትጠይቁት አዎ ይላል፣ ወደ ኢንቲጀር ቀይርልኝ ስትሉት ኤረር ይሰጣል። «ኢዝዴሲማል»ን ጠይቁ።

የኮድ ፋይሎቹ ራሳቸው

ይህ አጭር ነው። አሮጌ የኮድ ፋይሎች በሌላ ኢንኮዲንግ ከተቀመጡ ኢንኮዲንግ በሚቀይረው በ«አይኮንቭ» ፕሮግራም ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሯቸው፣ ይህንንም ለብቻው በአንድ ኮሚት አድርጉት። ከሌላ ለውጥ ጋር ከቀላቀላችሁት ገምጋሚው የሚያየው አንድ ሺህ የተቀየረ መስመር ብቻ ነው። ኤዲተሮቹ ሁሉ በዩቲኤፍ-8 እንዲያስቀምጡ ፕሮጀክቱ ውስጥ የኤዲተር ቅንብር ፋይል ጨምሩ።

ቴስቱ

ቴስቶቻችሁ ውስጥ ያሉት ስሞች ሁሉ በላቲን ፊደል ከሆኑ ከላይ ያልነው አንዱም አይያዝም፤ አስኪ በዩቲኤፍ-8ም በላቲን-1ም ባይቱ ያው ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ስትሪንግ አዘጋጁ፦ «ም» እና «ፈ» ያሉበት የአማርኛ ቃል፣ አንድ ኢሞጂ፣ ጭረት ያላት አንድ የላቲን ፊደል። ይህንን ከፎርሙ አስገቡት፣ ዳታቤዝ ይግባ፣ ወደ ሲኤስቪ ይውጣ፣ ተመልሶ ይነበብ። መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ጋር በባይት አወዳድሩት፣ በዓይን አይደለም። እኔ ያንን አራት ቅየራ ያለውን ኮድ የጠገንኩት እንዲህ ያለ ቴስት ከጻፍኩ በኋላ ነው፤ አንዷን ሳጠፋ ቴስቱ ቀላ፣ ሁለተኛዋን ከጥንዷ ጋር ሳጠፋ አረንጓዴ ሆነ፣ አራቱም ከወጡ በኋላ በሮቹ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ቀረ።