በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የኔትወርክ ሶኬት የሚገድሉ ስህተቶች

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ላሉ ትምህርት ቤቶች ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ከዘረጋሁት የጠገንኩት ይበልጣል። በደረስኩበት ሁሉ የሚቀበለኝ ክስ አንድ ነው፦ «ልጆቹ ሰበሩት!» ኧረ ተዉ እባካችሁ።

ሶኬቱን ከዴስክ ጀርባ፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚተክል ሰው ያናድደኛል። ይህ የቢሮ ልክ ነው። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ አንዴ ከተቀመጠ ማን ይነካዋል? ክፍል ውስጥ ግን ዴስክ ይገፋል፣ ይጎተታል፣ ወለል ይታጠባል። እኔም አልክድም፣ የአንድ ኮምፒውተር ክፍል ሶኬቶችን በሙሉ እንዲህ ተክዬ ነበር። ከሴሚስተር እረፍት ስመለስ ግማሾቹ አፋቸው ተጣሟል። ክፍሉን የሚያጸዱትን እትዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ውሃ ስደፋ ዴስኩን ግድግዳው ላይ ካላስጠጋሁት የት ላድርሰው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የዴስኩ ብረት የተሰካውን ኬብል ሲጫነው የኬብሉ ጫፍ የሶኬቱን ሆድ ይፈነቅለዋል። አሁን ከዴስኩ ከፍ አድርጌ፣ አፉ ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ ነው የምተክለው። የጠመኔ ብናኝም አይገባበትም።

የመደበኛ ስልክ ገመድ አትሰኩበት። ይገባል፣ ግን ዳርና ዳር ያሉትን ሽቦዎች ያጎብጣል።

ሳያዩ «ደህና ነው» ማለት ሌላው ነው። የእጅ ባትሪ አብሩና ወደ ውስጥ እዩ። 8 ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ በገና አውታር ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። አንድ ጊዜ ከመካከላቸው የተሰበረ የእስክሪብቶ ጫፍ አውጥቻለሁ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚሮጥ መስመር የሚፈልገው 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 6ኛውን ብቻ ነው። 7ኛው ቢታጠፍ ብዙ ጊዜ መስመሩ አይቋረጥም፣ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ወደ 100 ይወርዳል እንጂ። መምህሩም ዓመቱን ሙሉ ኢንተርኔቱን ሲረግም ይከርማል።

ወደ መንዝ ወጣ ስትሉ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ይጠብቃችኋል። ጭቃ ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) አትመኑ። ትንሽ ቆይቶ ሶኬቱን በኬብሉ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ቋሚው እንጨት ላይ ጣውላ ምቱ፣ ሳጥኑን እሱ ላይ እሰሩ።

ልቅ የሆነ ሶኬት በሱፐር ግሉ አታጣብቁ። አንዴ ሞክሬዋለሁ፤ ሲበላሽ ከነልስኑ ነው የተነሳው።

ማንም የማይጠቀምበትን ሶኬት ክዳን አድርጉለት፣ ከስዊቹም (ኬብሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት የኔትወርክ ሳጥን) በኩል ንቀሉት። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኔትወርኩ ከነአስተዳደሩ ቢሮ ድርግም ብሎ ጠፋብኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስዊች ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ። ለካ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ ሁለት ሶኬት ላይ ተሰክቷል፣ ትራፊኩ ዞሮ ዞሮ እዚያው እየተመላለሰ መስመሩን አፍኖታል። የሰካው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተገኘ። ተቆጥቼ «ለምን?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። እንዳይረገጥ ብዬ ነው» አለኝ።

ኬብሉን ጥዬ የወጣሁት እኔ ነበርኩ።