የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮንን እንዴት መመዘን ይቻላል?

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ላስ ቬጋስ ግን ገና ቅዳሜ ማታ ነው። እንቅልፍ አጥተን ያየነው ግጥሚያ አልቋል፣ የቡና ቤቱ ክርክር ግን ገና መጀመሩ ነው። አንዱ "ታይሰንን የሚያህል አልተፈጠረም" ይላል። ሌላው "አሊ እያለ ስለ ማን ይወራል?" ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ስልኩን ያወጣና "ማርሲያኖ፣ 49 ለ 0! በቃ!" ብሎ ሊዘጋው ይሞክራል።

ለረጅም ጊዜ እኔም እንደ ሦስተኛው ሰውዬ ነበርኩ። ሽንፈት የሌለበት ሬኮርድ ካየሁ ሌላ አልጠይቅም ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ የድሮ ግጥሚያዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ሳያቸው፣ አንድ ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ከዜሮው ይልቅ የተቸገረበት ምሽት እንደሚናገር ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የምመዝንበትን መንገድ ላሳያችሁ። አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ኢንተርኔት ይበቃችኋል። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

"ማን ይበልጣል?" ስንል ሁለት ጥያቄ አደባልቀን ነው። አንደኛው "ቢገናኙ ማን ያሸንፋል?" ነው። ሁለተኛው "በዘመኑ ማን የበለጠ ሠራ?" ነው። ቡና ቤት ውስጥ የምንጣላው አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን እየመለሰ ነው።

ሮኪ ማርሲያኖ በ1950ዎቹ ሲገጥም 85 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ዛሬ ቢኖር ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ምድብ ነበር የሚጫወተው፤ የዚያ ምድብ ጣሪያ 90.7 ኪሎ ነው። ታይሰን ፊዩሪ ደግሞ 119 ኪሎ ሆኖ የገባበት ጊዜ አለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች በሐሳብ አንድ ሪንግ ውስጥ ከትቶ መፍረድ ለማርሲያኖ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

2. ቀበቶው ምን ያህል ያወራል?

ዛሬ አራት ድርጅቶች የሚሰጧቸው አራት ትልልቅ ቀበቶዎች አሉ፦ ደብሊውቢኤ፣ ደብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍ እና ደብሊውቢኦ። በአንድ ጊዜ አራት "የዓለም ሻምፒዮን" ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እናም "ሻምፒዮን ነበር" የሚለው ብቻ አይበቃም። ቀበቶውን ከማን ወሰደው? በወቅቱ አንደኛ የሚባለውን ሰው አሸንፎ ነው ወይስ ክፍት የነበረውን ቦታ ሞልቶ?

ሌኖክስ ሉዊስ በ1999 ቀበቶዎቹን ከሰበሰበ በኋላ ያለ ክርክር ብቸኛ ሻምፒዮን የሆነ ሰው እስከ 2024 አልነበረም። በዚያ ዓመት ኦሌክሳንደር ኡሲክ ሪያድ ላይ ፊዩሪን አሸንፎ አራቱንም ያዘ። በመሃል ቭላድሚር ክሊችኮ ከ2006 እስከ 2015 ነግሦ ነበር። አንዱ ቀበቶ ግን ለዓመታት ወንድሙ ቪታሊ ጋ ነበር። ሁለቱ እንዳይጋጠሙ ለእናታቸው ቃል ገብተዋል። ይህን በቭላድሚር ላይ ጥፋት አድርጌ አልቆጥርበትም።

3. ማንን? ደግሞስ መቼ?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ገጹን በአምድ ክፈሉት። የተጋጣሚው ስም፣ በዚያን ቀን የነበረው ዕድሜ፣ ክብደቱ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሠራ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራ። ለአንድ ሻምፒዮን አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ድሎቹን ብቻ ሙሉ።

ማርሲያኖን ስትሞሉ የዕድሜው አምድ ዓይናችሁን ይይዘዋል። ጆ ሉዊስን በ1951 ሲዘርረው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፣ ጉልበቱም አልቋል። ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38 ነበር። አርቺ ሙርም ቢያንስ 38 ነበር። 49 ለ 0 እዚህ ላይ ትንሽ ይደበዝዛል።

ግን ፍትሐዊ ሁኑ። ማርሲያኖ በዘመኑ የነበሩትን ምርጦች ነው የገጠመው፣ ሌላ ከየት ያመጣል? የዋልኮትን ግጥሚያ ደግሞ አይታችሁ ፍረዱ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1952 ማርሲያኖ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። እስከ 12ኛው ዙር በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ወደ ኋላ ቀርቷል። በ13ኛው ዋልኮት ወደ ገመዱ ተጠጋ። ማርሲያኖ አንዲት አጭር ቀኝ ለቀቀ። ዋልኮት አንድ ክንዱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ በጉልበቱ ሟሸሸ። የእኔ ደብተር ለዚያች ምሽት የሚሰጠው ዋጋ ለ49ኙ ቁጥር ከሚሰጠው ይበልጣል። ላሪ ሆልምስ ለምሳሌ 48 ለ 0 ደርሶ በ49ኛው በማይክል ስፒንክስ በነጥብ ተሸንፏል። በዚያ የተነሳ ሆልምስን የሚያህል ቦክሰኛ ከማርሲያኖ በታች ነው ማለት አይቻልም።

አሁን እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ወደሚነካው ግጥሚያ ልምጣ። ጁን 25 ቀን 1935 ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ወጣቱ ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ካርኔራ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ 118 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ሰው ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት የጣሊያን ጉልበት ማሳያ አድርጎት ነበር። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦሩን እያጓጓዘ ያለበት ጊዜ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ፍልሚያ አድርገው ነው ያዩት። ሉዊስ፣ በ30 ኪሎ ገደማ የሚበልጠውን ሰው በ6ኛው ዙር ጨረሰው። ወረራው የጀመረው ከሦስት ወር ትንሽ በኋላ ነው።

ያን ፊልም ባየሁ ቁጥር ደሜ ይሞቃል። ደብተሬ ላይ ግን ለዚህ ድል ትልቅ ነጥብ አልሰጠሁም። ካርኔራ ብዙዎቹን ድሎቹን ያገኘው ቀድሞ በተዘጋጁ ግጥሚያዎች ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። በ1934 ማክስ ቤር ደጋግሞ ከጣለው በኋላ በ11ኛው ዙር ቀበቶውን ነጥቆታል። ማለትም ሉዊስ ሲገጥመው ሚስጥሩ ወጥቶ ነበር። ልብ የሚወደውንና ሚዛን የሚመዝነውን መለየት የሚከብደው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ለሉዊስ ነጥብ የሚያስገኙለት ሌሎች ድሎች ሞልተውለታል።

4. ያልገጠማቸውንም ጻፉ

አንድ ባዶ መስመር ተዉና በዘመኑ አስፈሪ ሆኖ ሳለ ዕድል ያላገኘውን ሰው ጻፉበት። ጃክ ጆንሰን በ1908 ሲድኒ ላይ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በዘረኛ ዘመን ያሳየው ጀግንነት አይካድም። ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን ለሌላው ታላቅ ጥቁር ቦክሰኛ፣ ለሳም ላንግፎርድ ዕድል አልሰጠውም። ከዚያ በኋላ ሻምፒዮን የሆነው ነጩ ጃክ ዴምፕሲም ከጥቁሩ ቦክሰኛ ከሃሪ ዊልስ ጋር ሳይገናኝ ቀረ። እዚያ ላይ የቆዳ ቀለም ጉዳይና የአዘጋጆቹ ፍርሃት ስላለበት ጥፋቱን ሁሉ ዴምፕሲ ላይ አልጭንም። መስመሩ ግን ባዶ ነው።

5. የተቸገረበትን ምሽት ፈልጉ

ማንም ሰው እያሸነፈ ያምራል። የአንድን ሻምፒዮን አንድ ግጥሚያ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ሊሸነፍ የደረሰበትን ምረጡ።

ለጆ ሉዊስ ያ ጁን 18 ቀን 1941 ነው። በዚያ ሰሞን በየወሩ ሊባል በሚችል ፍጥነት ይገጥም ስለነበር ጋዜጠኞች ተጋጣሚዎቹን "የወሩ ልፍስፍስ" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ቢሊ ኮን ግን ልፍስፍስ አልነበረም። ከ80 ኪሎ በታች ነው፣ ሉዊስ 90 ነው። ኮን እየገባ እየወጣ፣ በሦስትና በአራት ቡጢ እየነካካ አስቸገረው። 12 ዙር ሲያልቅ ሁለት ዳኞች ኮንን ያስቀድማሉ፣ አንዱ እኩል ይላቸዋል። በእግሩ እየዞረ ቢቆይ ሻምፒዮን ነበር። እሱ ግን ሉዊስን ልዘርረው ብሎ ቆሞ መማታት ጀመረ። ሉዊስ ሲጠብቃት የቆየችውን ክፍተት አገኘ። 13ኛው ዙር ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ኮን ተቆጥሮ ወጣ። ሉዊስን እየው፤ አይጣደፍም፣ አይደናገጥም፣ እየተሸነፈ እንኳ ቡጢው አይበላሽም።

ከተሸነፈ በኋላስ ምን አደረገ? ጆ ሉዊስን በ1936 ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ዘርሮታል፤ በ1938 በመጀመሪያው ዙር መለሰለት። ሌኖክስ ሉዊስ በሙያው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው፣ በኦሊቨር ማኮልና በሃሲም ራህማን፤ ሁለቱንም መልሶ አሸንፏል። ማይክ ታይሰን ግን በ1990 ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ ከተዘረረ በኋላ ዳግላስን አላገኘውም። ኢቫንደር ሆሊፊልድም ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። ታይሰን በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን የሆነ፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የጨረሰ ሰው ነው። ከ1986 እስከ 1988 የነበረውን ታይሰን ማንም አይንቀውም። የተቸገረባቸውን ምሽቶች ስፈልግ ግን የገለበጠው አላገኘሁም። ዝርዝሬ ላይ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የእርጅና ሽንፈት አትቁጠሩ። አሊ በ1980 በሆልምስ ሲደበደብ 38 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱም ከድቶት ነበር። ለሆልምስም ብዙ ነጥብ የለውም።

6. በሒሳብ አትፍረዱ

"እሱ እከሌን አሸንፏል፣ እከሌ ደግሞ እገሌን አሸንፏል፣ ስለዚህ..." ማለት ቦክስ ላይ አይሠራም። ጆ ፍሬዘር በ1971 አሊን አሸነፈ። ኬን ኖርተን በ1973 የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ። ጆርጅ ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው፤ ኖርተንንም በሁለት ዙር ጨረሰው። በሒሳቡ አሊ ኪንሻሳ ላይ ኦክቶበር 30 ቀን 1974 መሞት ነበረበት። አሊ ገመዱን ተደግፎ ፎርማንን አድክሞ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ፍሬዘርና ኖርተን ወደ ፊት እየመጡ ለፎርማን ከባድ ክንድ ይጋለጡ ነበር። አሊ ረጅም፣ ፈጣን እና ቡጢ የሚችል ነው። አገጣጠም ማለት ይህ ነው።

7. ድምፁን አጥፍታችሁ ነጥብ ስጡ

አስተያየት ሰጪው ሳታውቁት ይጎትታችኋል። ድምፁን አጥፉ። ዙሩን ላሸነፈው 10፣ ለተሸነፈው 9 ጻፉ። አንዱ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ 10 ለ 8 ነው። የምትመዝኑት በንጽሕና ያረፈ ቡጢን ነው። ጓንት ላይ ያረፈ አይቆጠርም። ከዚያ ማን ማንን ወደፈለገበት ቦታ እንደመራ፣ ማንስ በደንብ እንደተከላከለ እዩ።

ለልምምድ የሌኖክስ ሉዊስንና የሆሊፊልድን የማርች 1999 ግጥሚያ ውሰዱ። ውጤቱ እኩል ተባለ። አንዷ ዳኛ ሆሊፊልድን ነው ያስቀደመችው። 5ኛውን ዙር ብቻ ለይታችሁ እዩት፤ ሉዊስ ሆሊፊልድን ገመድ ላይ አድርጎ ደብድቦታል። ያቺ ዳኛ ዙሩን ለሆሊፊልድ ሰጥታለች። አንዴ በራሳችሁ እጅ ነጥብ ከሰጣችሁ በኋላ "አቻ" ወይም "በነጥብ አሸነፈ" የሚል መዝገብ እንደ መጨረሻ ቃል አትቀበሉም። በ1976 አሊ ኖርተንን "ያሸነፈበትን" ሦስተኛ ግጥሚያም እዩት። አሊን እወደዋለሁ፣ በእኔ ወረቀት ላይ ግን ኖርተን ነው ያሸነፈው።

8. ገጾቹን ጎን ለጎን አድርጉ

ነጥብ ደምሩ አልላችሁም። ገጾቹን ዘርግታችሁ የትኛው ላይ ጠንካራ ስም፣ በጥሩ ዕድሜው የተያዘ፣ በከባድ ምሽት የተሸነፈ እንደሚበዛ እዩ።

በእኔ ደብተር አሊ አንደኛ ነው። ሊስተን፣ ፍሬዘር ሁለት ጊዜ፣ ፎርማን። ያውም በ1967 ለውትድርና አልዘምትም በማለቱ በምርጥ ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ከሪንግ ታግዶ። ያልገጠመባቸውን ዓመታት አልቆጥርለትም፣ ከዚያ በኋላ የሠራውን ግን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ሁለተኛ ጆ ሉዊስ፣ ሦስተኛ ሌኖክስ ሉዊስ፣ አራተኛ ሆልምስ፣ ከዚያ ፎርማንና ማርሲያኖ። ፎርማን በ45 ዓመቱ፣ በነጥብ እየተመራ፣ በ1994 ማይክል ሙረርን ዘርሮ ቀበቶውን መመለሱ ብዙ አስነስቶታል። ኡሲክን ገና አላስገባሁትም፤ ፊዩሪን ሁለት ጊዜ፣ ጆሽዋንም ሁለት ጊዜ አሸንፏል፣ ሁሉም ከእሱ የሚበልጥ ቁመት አላቸው። ገጹ በፍጥነት እየሞላ ነው።

አብሮኝ ቦክስ የሚያይ ጓደኛዬ ግን ጆ ሉዊስን አንደኛ ያደርጋል። 11 ዓመት ከ8 ወር ሻምፒዮን፣ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስከብሮ። ባለፈው ደብተሩን አምጥቶ አሳየኝ። ኮንን፣ ሽሜሊንግን፣ ማክስ ቤርን፣ ዋልኮትን ጽፏል፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሞልቷል። ስህተት ፈልጌ አላገኘሁበትም። አሁንም አልተስማማንም።