የአያቶቻችሁን ቀዬ በድሮ የቦታ ስም እንዴት ታገኛላችሁ?

«ዘራችሁ ከየት ነው?» ሲባሉ «ከወሎ» ብለው ብቻ ለሚያልፉ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። የእኔ ቤተሰብ በ1977ቱ ድርቅ ከደላንታ ተነስቶ ወለጋ የሰፈረ ገበሬ ነው። የአያቴን ቀዬ ያገኘሁት በትንንሾቹ የቦታ ስሞች ነው። ትልልቆቹ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣሉ። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ ቀጥሎ ክልልና ዞን መጣ፣ አውራጃው ጭራሽ ቀረ። ምንጩን፣ ገደሉንና ማሳውን ግን ሰው ከብት ሲነዳ፣ ውሃ ሲቀዳ በየቀኑ ይጠራቸዋል። ስማቸው እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ በሕይወት ሳሉ፣ ከአዛውንቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። «የት ተወለዱ?» ካላችሁ ወረዳውን ይነግሯችሁና ወሬው ያልቃል። ይልቅ «ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር? ከብቱ የት ይውላል? ክርስትና የተነሱት የት ነው? ክረምት ሲሞላ መንገድ የሚዘጋባችሁ የትኛው ወንዝ ነው?» በሉ። አያቴ ስለ ውሃ ሳነሳባት የምንጩን፣ የዳገቱንና ወደ በሽሎ ወንዝ መውረጃውን ስም ተከታትላ ጠራችልኝ። ሁሉንም በስልክ ቅዱት። ስም ወረቀት ላይ ሲወርድ ይበላሻል።

እኔን ከሁሉ የረዳኝ ታቦቱ ነው። ማርያም ወይም ጊዮርጊስ የሌለበት አገር ስለሌለ ስሙ ብቻውን አያደርስም። የንግሡን ቀን ጠይቁ። ሚካኤል ከሆነ ኅዳር 12 ነው ወይስ ሰኔ 12? ማርያም ከሆነች ኅዳር 21 ናት ወይስ ጥር 21? ከዚያ በንግሡ ቀን ከየትኛው አጥቢያ ሰው እንደሚመጣ ጠይቁ። ሦስት አጎራባች አጥቢያዎችን ከነንግሣቸው ከያዛችሁ፣ የአካባቢውን ካህናት ስትጠይቁ ቦታውን ለመለየት ብዙ አይቸገሩም። ቤተሰባችሁ ሙስሊም ከሆነ መውሊድ የሚወጡበትን ቦታና የመስጊዱን ስም ይዛችሁ በዚሁ መንገድ ሂዱ።

የገበያ ስም ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ገበያ በዋለበት ቀን ስለሚጠራ ተመሳሳዩ ብዙ ነው። ሮቢት ቆቦ አጠገብም አለ፣ ሰሜን ሸዋም አለ። ስሙን ከርቀቱ ጋር ያዙ። ሸክም ያለው ሰው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ገደል ካለ ደግሞ ያንሳል። «ጎህ ሲቀድ ወጥተን ረፋድ ላይ እንደርሳለን» ካሉ፣ የመንገዱን ሰዓት በአራት አባዙና ገበያውን መሀል አድርጋችሁ በዚያ ርቀት ካርታ ላይ ክብ አስምሩ፤ ቀዬውን እዚያ ውስጥ ፈልጉ።

ለዚህ የሚሻለው 1 ለ50,000 የሆነው የመንግሥት ካርታ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትሩ 500 ሜትር ስለሆነ ትንንሽ ቦታዎችም ይታያሉ። ስሞቹ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ ይምታታሉ። ጮክ ብላችሁ አንብቡና ከቀረጻችሁ ጋር አስተያዩ።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረዳውንና አውራጃውን በድሮ ስማቸው ታገኙበታላችሁ።

ስትደርሱ ማሳ ለማሳ እየዞራችሁ ድንበር አትጠይቁ። ያ አገር ርስት በዘር ሐረግ ይጠየቅበት የነበረ ነው፣ መሬቱም ዛሬ ጠቧል። የልጅ ልጅ ነኝ የሚል እንግዳ ሲመጣ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። መጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂዱ፣ መሬት ፈልጋችሁ እንዳልመጣችሁ ተናገሩ፣ አባቶቻችሁን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩላቸው። ከቀረጻችሁ የያዛችሁትን የምንጭና የማሳ ስም ግን አስቀድማችሁ አትናገሩ። «ድሮ ውሃ የሚቀዳው ከየት ነበር?» በሏቸው። ያንኑ ስም ራሳቸው ከጠሩት፣ ቦታው እሱ ነው።