ደንገጎ ላይ ሰንጋ ሲወድቅ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ገመድ፣ የይለፍ ወረቀት፣ የፍሬን ምርመራ ታውቃለህ ብዬ አልፌዋለሁ። ከሐረማያ ገበያ ወደ ድሬዳዋ በደንገጎ ቁልቁለት ከብት ስናወርድ ደጋግሞ የሚገጥመን ይኼኛው ነው።

ምልክት፦ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ «ድብ!» ይላል፣ መኪናው ይወዛወዛል። ሰንጋ ወድቋል፤ ሌሎቹ እየረገጡት ነው።

ምክንያት፦ ነጋዴው ሾፌሩን ይሰድባል፣ ሾፌሩ በሬውን። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የወለሉ ነው። የካሶኔ (የመኪናው የጭነት ሳጥን) ላሜራ ሽንትና እበት ሲነካው ሳሙና ነው። በዚያ ላይ የሐረርጌ ሰንጋ ደጅ ላይ ለብቻው ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ በእጅ እየቀረበለት የደለበ ነው። ከማያውቀው በሬ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ይዋጋል፣ ሲገፋፋ ይንሸራተታል።

አንዴ 12 ሰንጋ ጭነናል። ረዳቴ ነጋዴውን ደስ ላሰኝ ብሎ ካሶኔውን አጥቦ መስታወት አስመስሎታል። ደንገጎ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቀዩ ወደቀ። ለጎማው ታኮ አድርጌ ስወጣ ረዳቴ ጭራ ይጠመዝዛል። በሬው በኋላ እግሮቹ ብድግ ይላል፣ አንገቱን ወደፊት ሲሰድ ገመዱ ይይዘዋል፣ ተመልሶ ዘጭ። ከብት የሚነሳው ከኋላው ጀምሮ ነው፤ አንገቱን የሚሰድበት ቦታ ካጣ አይነሳም። ቀንዱ ደግሞ ክንድ በማይሞላ ገመድ ከስፖንዳው፣ ከካሶኔው የጎን ግድግዳ፣ ተጠፍሯል! ገመዱን ቆረጥነው፣ በተቆረጠ ጀሪካን ከመንገድ ዳር ደረቅ አፈር አምጥተን ጉልበቱ ሥር በተንን። ማንም ሳይነካው ተነሳ። ሲታረድ ግን የጎኑ ሥጋ በልዞ ተቆርጦ ተጣለ፤ የእኔም ኪራይ አብሮት።

መፍትሄ፦ ባዶህን ከድሬ ስትወጣ አሸዋ ይዘህ ውጣ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አጠገብህ እያለ «አሸዋ አጣሁ» የሚል ሾፌር አልሰማም። ሦስት ጣት ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጭነት ነው። ከሥሩ ፌሮ በመረብ መልክ አስበይድ፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጎ «ጨርሻለሁ» ለሚል በያጅ ግን ገንዘብ አትስጥ። ፌሮው በሁለተኛው ጉዞ ይነቀልና ጫፉ ሰኮና ይበሳል። መሃሉን በአጣና ክፈለው። ገመዱ በአንድ መሳብ የሚፈታ ቋጠሮ ይኑረው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ። የወደቀውን አትምታ፤ በበሬዎች መሃልም አትግባ፣ ከስፖንዳው ላይ ሆነህ ሥራ። መነሳት ካቃተው በጎኑ ተዘርሮ እንዳይቆይ በደረቱ አስተኛው፤ አለዚያ ሆዱ ይነፋል።

የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፦ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ቢላ አታንሳ።

በግና ፍየል ወደ ፊት ተደራርበው ከታፈኑ፦ ካሶኔውን የሚከፍል አጣና የለህም።

ግመል ከተነሳ፦ ጉልበቱ በደንብ አልታሰረም።

ምላስ አውጥቶ የሚያለከልክ ከብት፦ ሙቀት ነው። ላስቲክ የሸፈንክበት ከሆነ አሁኑኑ ግፈፈው፣ ውሃ ስጠው። የቆመ መኪና ከሚሄደው ይብሳል፤ ነፋስ የለውማ። ስለዚህ ሌሊት ጫን፣ ሳይሞቅ ድሬ ግባ። አንዱ ሾፌር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ አቁሞ ምሳ ሊበላ ገባ፤ ከምሳው በኋላ ጫት አስከተለ። ሲመለስ ከጫናቸው በጎች ሁለቱ አይተነፍሱም፤ እሱ ግን የሚፈልገው የነጋዴውን ስልክ ሳይሆን የሚቀረውን ኪራይ ነበር።